የመሳቢያው ስልክ

መሳቢያው ውስጥ ያለው ስልክ ሲነዝር የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ የአንድ ነጋዴ መታወቂያ እየመዘገበች ነበር። ስልኩ ከመቀስና ከወረቀት ማያያዣ ሽቦዎች ጋር ስለተቀመጠ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ በጀርባዋ የወደቀች ጥንዚዛ ይመስላል፤ ዝዝዝ ይልና ያርፋል፣ ዝዝዝ ይልና ያርፋል። እንደ ልማዷ ልታነሳው መሳቢያውን ሳብ አድርጋ እጇን ሰደደች። ቀና ያለችው ያን ጊዜ ነው።

ከፊቷ፣ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጣችው ወጣት ኦዲተር ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሰማያዊ ፋይል ዘርግታለች። የግራ እጇን ጣት አንድ መስመር ላይ ተክላ፣ በቀኝ እጇ የራሷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች።

የመቀበያዋ ሠራተኛ እጅ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ደረቀ።

ኦዲተሯ ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ አየችውና ዘጋችው። መሳቢያውም ዝም አለ። ኦዲተሯ ፋይሉን ደግማ ተመልክታ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካካች እንደገና ደወለች። መሳቢያው ዝዝዝ አለ።

"እህት፣ መታወቂያዬን ትመልሽልኛለሽ ወይስ ወርሰሽው ቀረሽ?" አለ ነጋዴው።

"ይቅርታ፣ ይኸው" ብላ ሰጠችው። መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችና ሳል ባይመጣባትም ጮክ ብላ ሳለች። ኦዲተሯ ቀና ብላ አየቻት። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሴትዮዋ ፈገግ አለች፤ ምን ዓይነት ፈገግታ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው።

በዚህ መሥሪያ ቤት ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ መክፈያው ሰነድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ "ደወል" ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የድርጅቱን ስልክ ያነሳችው እሷ ናት። ተቆጥቶ የደወለ ደንበኛ እንኳ ድምፅዋን ሲሰማ ቁጣውን ረስቶ "ለመሆኑ እንዴት አደርሽ?" ብሎ ይጀምራል። ድርጅቱ ሲሚንቶ ያመርታል፣ ዘይት ይጨምቃል፣ ጎማ ያስመጣል፤ ሃያ ሁለት ቅርንጫፍና ከሦስት ሺህ የሚበልጥ ሠራተኛ አለው። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት "የት ነው የምትሠሪው?" ሲሏት፣ ደወል የድርጅቱን ስም የምትጠራው ደረቷን ነፋ አድርጋ ነበር።

የመሳቢያውን ስልክ የሰጣት የፋይናንስ ኃላፊው ነው፤ ሦስት ዓመት ሆነው። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተቆጥቶ ስለማያውቅ ሠራተኛው በጓሮ "ለስላሳው" ይለዋል። "ለስላሳ እኮ ካልተከፈተ ጋዙ አይታወቅም" ትላለች ሻይ አፍይዋ። ያን ቀን ለስላሳው ራሱ ከላይ ወርዶ፣ ክርኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስደግፎ፣ "ደወልዬ፣ ጎማችንን የሚያከፋፍል እህት ኩባንያ አቋቁመናል። ገና ሰው አልቀጠረም፤ ለጊዜው ስልኩን አንቺ ያዥልን" አላት። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ኦዲተሮች ይደውላሉ። የእሷ ሥራ የኩባንያውን ስም ጠርታ፣ ከተሰጣት ወረቀት ላይ "አዎን፣ ይህን ያህል ጎማ ተረክበናል፤ ይህን ያህል ዕዳ አለብን" ብላ ማንበብ ነው። በምላሹ ደመወዟ ላይ "የስልክ አበል" የምትል መስመር ተጨመረች። የአባቷ የዓይን ጠብታ የሚገዛው በዚያች መስመር ነው።

ያኔ ይደውሉ የነበሩት ኦዲተሮች ድርጅቱ ራሱ የቀጠራቸው ነበሩ፤ ሁልጊዜም ከሩቅ ነበር የሚደውሉት። ይቺ ግን መንግሥት የላካት ናት፤ ያውም ከፊቷ ቁጭ ብላ ነው የምትደውለው።

የውስጥ ስልኩ ጮኸ።

"ደወል፣ አንዴ ወደ ላይ ብቅ በይልኝ" አለ ለስላሳው። ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። "ያቺንም ዕቃ ይዘሽ።"

ዘበኛውን "እስቲ ጠብቅልኝ" ብላ፣ ስልኩን ሹራቧ ሥር ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ በኦዲተሯ ፊት አለፈች። ሊፍቱ ከመዘጋቱ ስልኩ ሦስተኛ ጊዜ ነዘረ። ጎድኗን ሲመታት የሚንቀጠቀጠው ስልኩ ይሁን ልቧ መለየት አቃታት።

ለስላሳው ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ የተቆለለው ወረቀት የለም። ጠረጴዛው ተጠርጓል፤ የመደርደሪያው በር ተከፍቶ ባዶነቱ ይታያል። ከመጋረጃው ኋላ የጉዞ ሻንጣ ጫፍ አየች። የወረቀት መቁረጫው ማሽን አጠገብ ሦስት ጥቁር ፌስታል በቁርጥራጭ ወረቀት ጢም ብሎ ታስሯል።

"ተቀመጪ። ውኃ ልስጥሽ?"

"ከታች ያለችው ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እየደወለች ነው።"

"አነሳሽው?"

"አላነሳሁም።"

"ጎሽ።" ውኃውን ለራሱ ቀድቶ ጠጣ። "ይኸውልሽ፣ ነገሩ ትንሽ ተበላሽቷል። የቦርድ ሰብሳቢው ከዓርብ ጀምሮ አገር ውስጥ የሉም። ባንኩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሒሳባችንን ይዘጋል። በሒሳቡ ላይ አለ የተባለው ገንዘብ የለም። ይህን የምናውቀው እዚህ ሕንፃ ውስጥ አራት ሰዎች ነን። አሁን አንቺ አምስተኛ ሆንሽ።"

"የአባቴ ገንዘብስ?" አለች። ስለ ሦስት ሺህ ሠራተኛ፣ ስለ ራሷ ደመወዝ፣ ስለ እስር ቤት ሊባል የሚችለው ሁሉ ቀርቶ መጀመሪያ የወጣው ይሄ ነበር።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት ሰፍተዋል። ዓይናቸው እየደከመ ክር አላስገባ ሲላቸው ሱቁንና ሦስቱን የስፌት መኪናዎች ሸጠው፣ "ልጄ የምትሠራበት ነው" ብለው አራት መቶ አክሲዮን ገዙ። የአክሲዮኑን ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጠው ፍራሻቸው ሥር አኑረውታል።

"የጠራሁሽ ለሱ ነው" አለ ለስላሳው። "እኔ ሰው አልረሳም። የአባትሽን አራት መቶ አክሲዮን ዛሬውኑ፣ በሙሉ ዋጋው አሸጥልሻለሁ። ገዢ አለ።"

"ይሄን እያወቀ ማን ይገዛል?"

"እያወቀ ነው አልኩሽ?"

ለስላሳው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"የአባትሽ ውክልና አንቺ ዘንድ ነው" አለ ድምፁን ይበልጥ አለስልሶ። "አምስት ሰዓት ላይ ውክልናውን ይዘሽ ነይ፣ ፈርሚ፣ ቼኩን ያዥና ወደ ባንክ ሩጪ። በምትኩ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ስልኩን ትሰጪኛለሽ። ይቺንም ትፈርሚልኛለሽ።"

በስሟ የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ቀኑ ያለፈው ዓመት ነው።

"ዛሬ ጠዋት እኮ የመግቢያ ሰዓት ፈርሜአለሁ" አለች።

"እሱን ለኔ ተይው። ስልኩን አምጪ።"

"ስልኩ ... ታች ነው። ልጅቷ እያየችኝ ከመሳቢያ ማውጣት ፈራሁ።"

ለምን እንደዋሸች ራሷም አታውቅም። ስልኩ ብብቷ ሥር ነው። አሁን ቢነዝር ጉዷ ፈላ። እጇን አጣምራ፣ ክንዷን ጎድኗ ላይ አጥብቃ፣ "በል አትጥራ፣ በል አትጥራ" እያለች በሆዷ ለመነችው። አልጠራም።

"አምስት ሰዓት" አለ ለስላሳው በሩን እየከፈተላት። "ለአባትሽ ስትዪ።"

ሊፍቱን ፈራችው። በደረጃው ስትወርድ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሻይ ማፍያዋ ክፍል በር ላይ ቆመች። ሻይ አፍይዋ ውስጥ ነበረች። ሠራተኛው ሁሉ "እታባ" ይላታል። ሻይ ከማፍላት ሌላ የሠራተኞች ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥም ናት። ማኅበሩ የዘበኞች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የሾፌሮች ነው፤ ስድሳ ሁለት አባል አለው።

"መጣሽልኝ!" አለች እታባ፣ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ እየጣደች። ፊቷ በርቷል። "ደወል፣ እንኳን ደስ ያለሽ በይኝ እንጂ! ዛሬ ባለ አክሲዮን ልንሆን ነው።"

"ማን?"

"እኛ ነና! ማኅበሩ! ለስላሳው እዚሁ ድረስ መጥቶ፣ አንቺ የቆምሽበት ቆሞ፣ 'ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው ተገኝቷል፤ ለውጭ ሰው ከምሰጠው ለናንተ ለቤተሰቦቹ ይሁን' አለኝ። ኮሚቴው ትናንት ወሰነ። ቼኩን ጸሐፊያችን ፈርሟል፣ እኔም በዚህ በተጣመመ ፊርማዬ ፈርሜአለሁ። አምስት ሰዓት ላይ አስረክባለሁ። አራት መቶ አክሲዮን፣ ስሚኝማ! ጠራጊና ዘበኛ በአክሲዮን ስብሰባ ላይ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ይታይሽ።"

አራት መቶ። የሚገዛው ማን እንደሆነ አሁን አወቀች። የበሩ ዘበኛ፣ አሁን በእሷ ወንበር ተቀምጦ ቦታዋን የሚጠብቅላት ሰውዬ፣ ከየወሩ ደመወዙ እየቆጠበ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። መጸዳጃ ቤቱን የምታጥበው የሁለት ልጆች እናት ናት። ይቺ እታባ ናት።

ዝም ብላ መውረድ ትችላለች። ውክልናው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን አንድ ሰዓት አልቀረውም። አባቷ ዛሬ ማታ የሱቃቸውን ዋጋ በእጃቸው ይዘው ያድራሉ፤ እንዴት እንደመጣ አይጠይቋትም።

"እታባ፣ ቼኩን አትስጪው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አትስጪው። ማኅተሙ ጠፋ በይው፣ ኮሚቴው ተጣላ በይው፣ ያሻሽን በይው።"

የእታባ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። "ልጄ፣ የአምስት ዓመት ቁጠባ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም። የምታውቂው ካለ ንገሪኝ፤ ከሌለ በባዶ ሜዳ አታሸብሪኝ።"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"ሻጩን ታውቂዋለሽ? አጭበርባሪ ነው?"

"አባቴ ነው" አለች ደወል።

ማንቆርቆሪያው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ቸስ አለ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ትንሽ ቆይታ እታባ ከሽርጧ ኪስ ቼኩን አወጣች፣ አራት ላይ አጠፈችው፣ ጡቷ መሐል ወሸቀችው።

"ዓይናቸውን የሚያማቸው አባትሽ?"

"አዎ።"

"በይ ሂጂ" አለች በሹክሹክታ። "አልነገርሽኝም፤ አልሰማሁም። ሂጂ እንጂ፣ እዚህ አትገኚ።"

መልካም የሠራ ሰው ልቡ ይቀለዋል ሲባል ትሰማ ነበር። ደወል ግን በየደረጃው ልቧ ላይ እርሳስ እየተጨመረባት ወረደች። በገዛ አፏ የአባቷን እንጀራ በመስኮት ወረወረች ማለት ነው። ደግሞ ማን ነገራቸው ቢባል ሌላ ማን አለ? ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ኦዲተሯ ሶፋው ላይ የለችም። "ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣች፤ ከመሥሪያ ቤቷ ሌሎችም መጥተውላታል" አላት ዘበኛው፣ ወንበሯን ሲለቅላት እንደ ልማዱ በእጀታው ጠረግ ጠረግ አድርጎ። ዓይኑን ማየት አልቻለችም።

አምስት ሰዓት ሆነ፤ ወደ ላይ አልወጣችም። የውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ጮሆ ያላነሳችው ስልክ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። አሁንም ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ ከጩኸቱ ባሰባት።

አምስት ተኩል ላይ ለስላሳው ራሱ ወረደ። ኮቱን በክንዱ ይዟል። እንደዚያን ጊዜው ክርኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስደገፈ። ከሩቅ ያየው ሰው የሚቀልዱ ነበር የሚመስሉት።

"እታባ ማኅተም ጠፋ ትለኛለች" አለ። "የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ናት፤ መርፌ ጠፍቶባት አያውቅም።"

ደወል የእንግዶች መዝገቡን ዘጋች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ኦዲተሮች የሚደውሉትን ይቀዳሉ። ታውቂያለሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀዳው ያንቺ ድምፅ ነው። የኔ ድምፅ የትም የለም። ፊርማዬም የለም። 'ኃላፊው ነው ያዘዘኝ' ትያለሽ፤ የፋይናንስ ኃላፊን ትቶ የስልክ ኦፕሬተር የሚያምን ዳኛ ካለ እስቲ አሳይኝ።" ፈገግ አለ። "ሐኪሙ አባትሽን ለስንት ጊዜ ያያሉ አላቸው? አንቺ ከሌለሽ ጠብታውን ማን ያደርግላቸዋል?"

"እባክዎ ..." አለች።

"ስልኩን። አሁን።"

እጇን ወደ ሹራቧ ሰደደች። ልትሰጠው ነበር፤ ይሄን በኋላም አልካደችውም፤ ልትሰጠው ነበር። ጣቶቿ ስልኩን እንደነኩ ግን ከፊቷ ያለው ዋናው ስልክ ጮኸ። የመጀመሪያው መስመር መብራት በራ። ሁለተኛው በራ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስቱም ባንድ ላይ ቦግ አሉ። ስድስቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲበሩ በዚህ ወንበር ላይ አይታ አታውቅም።

ለስላሳው መብራቶቹን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ አመድ ሆነ። "ሒሳቡን የሚዘጉት ስምንት ሰዓት ነበር ያሉት" አለ ለራሱ። ኮቱን ለበሰ፣ ወደ ሊፍቱ ሳይሆን ወደ ጓሮው ደረጃ ዞሮ፣ ሮጠ እንዳይባል እየተራመደ፣ ተራመደ እንዳይባል እየሮጠ ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልታየም።

ደወል የመጀመሪያውን መስመር አነሳች። ሬዲዮው ተናግሯል። የቦርድ ሰብሳቢው መጥፋታቸውን፣ ሒሳቡ መታገዱን፣ የድርጅቱ ትርፍ ለዓመታት የፈጠራ እንደነበር ተናግሯል። ሲሚንቶ የሚያጓጉዝ ሾፌር ከመንገድ ላይ "መኪናውን ላቁም ወይስ ልንዳ?" ይላል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ "እህቴ፣ ሰው በሩን ሊሰብርብኝ ነው" ይላል። አንዲት ሴት ምንም ሳትል ታለቅሳለች። ደወል ለሁሉም "እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ፤ የበላይ አካል መግለጫ ይሰጣል" ትላለች። የበላይ አካል የሚባል እንደሌለ ታውቃለች። አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይበራል።

አራተኛውን መስመር ስታነሳ የሽማግሌ ድምፅ ሰማች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ የኔ እህት። እዚያ የምትሠራ ልጅ አለችኝ። ስልክ ላይ ናት የምትቀመጠው። ታገናኙኛላችሁ?"

ደወል መቀበያውን በሁለት እጇ ያዘችው። በየቀኑ የሚደውሉላት አባቷ ድምፅዋን አላወቁትም።

"አባባ፣ እኔ ነኝ።"

"ማን?"

"እኔ ነኝ፣ ልጅዎ።"

"ድምፅሽን ምን ነካው?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"ጠዋት ደኅና አልነበርሽ? ሬዲዮው የሚለው እውነት ነው እንዴ?"

"ገና ... ገና አልተጣራም፣ አባባ።"

"እ። እንግዲህ ይጣራላ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የደወልኩት ስለ ገንዘቡ እንዳይመስልሽ። ሰው ሲቆጣ ክፉ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ድንጋይ እንዳይወረውሩብሽ ብዬ ነው። ከመስታወቱ ራቅ በይ። ዳቦ ገዝቻለሁ፤ ማታ ስትመጪ ምንም አታምጪ።"

"እሺ፣ አባባ።"

ስልኩን ዘጋችና መስመሮቹ እየበሩ ቁጭ አለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ሠራተኛው የግል ዕቃውን በካርቶን ይዞ በሰው መሐል እየተጋፋ ይወጣል፤ አንዱ የግድግዳውን ሰዓት ነቅሎ ሲሄድ ማንም አልከለከለው። ዘበኛው በሩን በጀርባው ደግፎ "ሰብሳቢው ከሄዱ አራት ቀን ሆኗቸው፣ እኛ ዛሬ እንጮኻለን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" ይላል። እታባ ሽርጧን ሳታወልቅ ወርዳ ከደወል ጠረጴዛ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ግን አልሄደችም።

ኦዲተሯ ከሊፍቱ ወጥታ በቀጥታ ወደ እነሱ መጣች። ከኋላዋ አንድ ፖሊስ ነበር።

"የስልክ ኦፕሬተሯ እርስዎ ነዎት?"

"አዎን" አለች ደወል። ይቺ አንዲት ቃል ብቻ በቃች። ኦዲተሯ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት፤ ከቀደሙት የስልክ ቅጂዎች ድምፁን ለይታዋለች።

"አንዴ ከኔ ጋር ይምጡ።"

ትንሿ የስብሰባ ክፍል ውስጥ አስገባቻት። ፖሊሱ ከውጭ ቀረ። ገና ሳትጠየቅ ደወል እጇን ሹራቧ ሥር ሰዳ ስልኩን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ላብ አርሶታል።

"ጠዋት ሰምቼዋለሁ" አለች ኦዲተሯ። "ሁለተኛ የደወልኩት ጆሮዬን ስላላመንኩት ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ሊፍት ውስጥ ሲገቡ። አይፍሩ፣ ይቀመጡ። ማን ሰጠዎት?"

ደወል ተናገረች። መጀመሪያ ቃላቱ አንድ በአንድ ወጡ፤ በኋላ ግድብ እንደተነሳለት ውኃ ወረዱ። ስለ ለስላሳው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ አበሏ፣ ስለ መልቀቂያው ደብዳቤ፣ ስለ አራት መቶው አክሲዮን ተናገረች። የእታባን ስም አላነሳችም። ኦዲተሯ ሳታቋርጥ ጻፈች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም የምታዝንላት ይመስላል። ሲያልቅ አስተካክላ ጽፋ አነበበችላት።

"'... የፋይናንስ ኃላፊው በሰጠኝ ትእዛዝ መሠረት፣ አከፋፋይ የተባለው ኩባንያ በእውን አለመኖሩን ሳላውቅ፣ ስልኩን እያነሳሁ የተጻፈልኝን ሳነብ ቆይቻለሁ።' ልክ ነው?"

ደወል ወረቀቱን ተመለከተች።

አምና አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ አንዳች ጉዳይ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰፈር ሄዳ ነበር። ኦዲተሮች በጠየቁ ቁጥር "ቢሯችን ከድልድዩ ማዶ፣ ነዳጅ ማደያውን አለፍ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው" ብላ የምታነበውን ቢሮ ልታየው ፈልጋ ነው። ነዳጅ ማደያውን አገኘችው። ቀጥሎ ያለው በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ነበር። አጥሩ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ፣ ውስጡ ሁለት ፍየሎች ይግጣሉ። ሁለተኛ ፎቅ ቀርቶ አንደኛም የለም። ለረጅም ጊዜ ቆማ አይታ፣ ታክሲ ተሳፍራ ተመለሰች። ለማንም አልተናገረችም። የአባቷ ገንዘብ ገብቷል፤ ብትናገር የሚሰምጠው መጀመሪያ እሱ ነው አለች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ፣ ከዛሬው በፊት፣ ስልኩ አራት ጊዜ ጠርቷል። አራቱንም ጊዜ አንስታ፣ ባማረው ድምፅዋ፣ ሁለተኛ ፎቅ ብላለች። በዚያው ዓመት አክሲዮን የገዙ ሰዎች አሁን በሩ ላይ ናቸው።

"ልክ ነው?" አለች ኦዲተሯ ደግማ። እስክሪብቶውን አዙራ አቀረበችላት። "ከታች ይፈርሙ፤ ከዚያ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። እንደ ምስክር እንጠራዎታለን።"

ወደ ቤት። ደወል ይቺን ቃል እንደ ተጠማ ሰው ሰማቻት። እስክሪብቶውን ተቀበለች። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ አነሳችው።

"'ሳላውቅ' የምትለዋን ያውጡልኝ" አለች።

ኦዲተሯ ቀና አለች። "ምን አሉ?"

"እሷን ቃል።"

ኦዲተሯ በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እህቴ፣ ያችን ቃል እኔ ነኝ ያስገባሁልዎ። እሷ ካለች ምስክር ነዎት። እሷን ካወጣሁ ተጠርጣሪ ነዎት፤ ከዚህ ክፍል የሚወጡት ከኔ ጋር ሳይሆን ከውጭ ከቆመው ሰው ጋር ነው። ገባዎት? ማንም አልጠየቀዎትም።"

"ገብቶኛል።"

"ቤተሰብ የለዎትም?"

"አባት አለኝ።" ከጠረጴዛው በታች እግሮቿ መርገፍገፍ ጀመሩ፤ አንዱን በሌላው ረግጣ ያዘቻቸው። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። እንዲያውም እንደ ዛሬ፣ እንደ አሁን ፈርታ አታውቅም። "ያውጧት።"

ኦዲተሯ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ፣ ቃሏን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘች።

"እንግዲያው ያወቁበት ቀን መጻፍ አለበት" አለች። ድምፅዋ የሥራ ድምፅ ሆነ። "መቼ ነበር?"

"አምና፣ ክረምቱ እንደወጣ" አለች ደወል። "ቅዳሜ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ይጻፉ፣ አልቸኩልም፤ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።"